ካምቢዮ ሲያላዝን

«ካምቢዮ ይውረድ» ጋራዥ ውስጥ ከሚሰጡ ፍርዶች ሁሉ ከባዱ ነው። አንዴ ከወረደ ሥራ በሥራ ላይ ይደራረባል፤ ኩሽኔታ ይለወጣል፣ ዘይት የሚያግደው ፓራኦሊዮ ይቀየራል፣ «ከወረደ አይቀር» ተብሎ የፍሪሲዮን ዲስክም አብሮ ይገዛል። ባለመኪናው ይህን ሁሉ ከፍሎ ከግቢው ሲወጣ ያ ቀጭን ጩኸት እንደነበረው አብሮት ሲወጣ ማየት ግን አዲስ ነገር አይደለም። ጩኸቱ መጀመሪያውኑ የካምቢዮ አልነበረማ!

መኪና ውስጥ የሚዞር ነገር ብዙ ነው። ሞተሩ፣ ዲናሞው፣ የመሪው ፓምፕ፣ የካምቢዮው ዘንጎች፣ ዲፈረንሻሉ፣ የጎማ ኩሽኔታዎች፣ ጎማዎቹ ራሳቸው። ሲታመሙ ሁሉም ያላዝናሉ፤ ልቅሷቸው ደግሞ ለጆሮ ይመሳሰላል። ብረት ድምፅን ተቀብሎ ወደ ሌላ ጥግ ስለሚወስድ ከኋላ የተነሣው ከፊት የመጣ ይመስላል። ስለዚህ «ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ መጀመር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የሚሻለው ጥያቄ «ማንን ነው የሚከተለው?» የሚል ነው። የሞተሩን ዙር ይከተላል? የመኪናውን ፍጥነት? ወይስ የነጂውን እግር? ይህን ለማወቅ መፍቻ አያስፈልግም፤ ጸጥ ያለ መንገድ፣ የተዘጋ ቴፕና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ቴፑን መዝጋት ለጸጥታ ብቻ አይደለም። ከዲናሞው የሚመጣ ያልተጣራ ኤሌክትሪክ ወደ ቴፑ ሲገባ በስፒከሩ በኩል ከሞተር ዙር ጋር እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ይሰማል። ቴፑ ሲጠፋ አብሮ የጠፋ «የካምቢዮ በሽታ» የኤሌክትሪሽያን ጉዳይ ነው።

አሁን ጩኸቱ እንዴት እንደሚወለድ እንይ። በቆርቆሮ አጥር ላይ ዱላ እያስነካ የሚሮጥ ልጅ ያስቡ። ቀስ ሲል እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል፤ ሲፈጥን ምቶቹ ተያይዘው አንድ ወጥ ድምፅ ይሆናሉ፤ ይበልጥ ሲሮጥ ድምፁ ይቀጥናል። ማርሽ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። 20 ጥርስ ያለው ማርሽ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ዙር ይሆናል፤ 50ን በ20 ቢያባዙ በሰከንድ 1000 ጊዜ ጥርስ ከጥርስ ይገናኛል። በሰከንድ 1000 ምት ደግሞ ለሰው ጆሮ ጥርት ያለ ፉጨት ነው።

ታዲያ ጤነኛ መኪና ለምን አያፏጭም? ወደፊት የሚነዱት ማርሾች ጥርሳቸው ጋደል ተደርጎ ስለተቆረጠ ነው። አንዱ ጥርስ ሥራውን ሳይጨርስ ቀጣዩ ይቀበለዋል፤ ጫናው ከአንዱ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ስለሚያልፍ ምቱ አይሰማም። የኋላ ማርሽ ግን በብዙ ማኑዋል መኪኖች ላይ ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥርሱ በሙሉ ስፋቱ በአንድ ጊዜ ይገጥማል፣ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ወደኋላ ሲሄዱ መኪናዎ «ዊ…ይ» የሚለው ለዚህ ነው፤ በሽታ አይደለም፣ አያሠሩት። እንዲያውም የማርሽ ጩኸት ምን እንደሚመስል ጆሮዎን ለማስለመድ ከግቢ ወደኋላ ሲወጡ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ጥሩ ትምህርት ነው።

ጋደል ያለው ጥርስ ጸጥታውን የሚሰጠው በነፃ አይደለም። ጥርሱ ሰያፍ ስለሆነ ዘንጉን ወደ ጎን ይገፋል፤ ያን ግፊት ቀንና ሌሊት የሚሸከመው ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታው ሲበላ ዘንጉ ከቦታው በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ የሚንቀሳቀሰው ከፀጉር ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጥርሶቹ ፋብሪካው ባሰበላቸው ቦታ መግጠማቸው ይቀራል። ጩኸት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለ ቦታቸው የሚፋጩት ጥርሶች ራሳቸው ይበላሉ። ስለዚህ ካምቢዮ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው ዘይት ነው፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ፣ ጥርስ በመጨረሻ። በጊዜ የተደረሰበት ጩኸት በኩሽኔታ ዋጋ ያልቃል፤ የዘገየ ግን ሙሉ ካምቢዮ ያስገዛል።

ምርመራውን መኪናው ቆሞ ይጀምሩ። ሞተሩን ያስነሡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ከፍሪሲዮኑ ላይ እግርዎን ያንሡ። በዚህ ሰዓት ጎማ ባይዞርም ካምቢዮው ውስጥ ብዙ ነገር እየዞረ ነው፤ ከሞተር ኃይል የሚቀበለው የመግቢያ ዘንግና ከሱ ጋር ሁልጊዜ የተያያዙት ማርሾች ሁሉ ይዞራሉ። ጩኸት ካለ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ይርገጡ። ጠፋ? እንግዲያው ፍሪሲዮኑ ያቆመው ነገር ነው የሚጮኸው፤ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። በተቃራኒው ዝም ያለ መኪና ፍሪሲዮኑን ሲረግጡት መጮህ ከጀመረ ጥፋተኛው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ጫና የሚመጣበት እሱ ስለሆነ። እሱን ለመለወጥ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ ግን ተፈትቶ የሚበተን ነገር ስለሌለ ሒሳቡ በጣም ይለያያል። ሁለቱን ጉዳዮች ሳይለዩ ዋጋ መነጋገር ባዶ ቼክ ላይ መፈረም ነው።

ፍሪሲዮኑን ቢረግጡም ቢለቁም ድምፁ ካልተለወጠና ከሞተሩ ዙር ጋር ብቻ ከፍ ዝቅ ካለ ፊትዎን ወደ ሞተሩ ያዙሩ። መሪውን ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ ድምፁ ከባሰ የመሪው ፓምፕ ነው፣ ምናልባትም ዘይቱ ጎድሏል። መብራቱን፣ ማራገቢያውንና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አንድ ላይ ያብሩ፤ ከባሰ ዲናሞው ነው። የቆየ መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ አንሥቶ ጫፉን በዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ቢያዩ አይሳቁበት። ብረቱ ድምፁን ከምንጩ ቀጥታ ያመጣል፤ የታመመው ኩሽኔታ ከጤነኛው ተለይቶ ይሰማል። እርስዎ ከሞከሩት ግን ነጠላም ሆነ ረጅም እጅጌ ከቺንጋውና ከማራገቢያው ይራቅ።

ቀጥሎ መንገድ። እሑድ ማለዳ ቀለበት መንገድ ላይ፣ ወይም መኪና ያልበዛበት ማንኛውም ለጥ ያለ አስፋልት ይሆናል። በሦስተኛ ማርሽ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዱ ድምፁን ያዳምጡ፤ ፍጥነቱን ሳይለውጡ ወደ አራተኛ ይግቡ። የጎማዎቹ ፍጥነት ያው ነው፤ የሞተሩ ዙር ግን ወርዷል። ድምፁ አብሮ ከወፈረ ወይም ከጠፋ ምክንያቱ ከሞተር እስከ ካምቢዮ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ምንም ሳይለወጥ ከቀጠለ የሚከተለው ጎማውን ነው፤ ስለዚህ ዲፈረንሻል፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ጎማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ በፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ዲፈረንሻሉ የሚገኘው ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ በአንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንድ ዘይት ይጠጣሉ። ለነሱ «ዲፈረንሻል ነው» ማለት ከካምቢዮ መዳን ማለት አይደለም።

ማርሾቹን አንድ በአንድ ማዳመጥም ብዙ ይናገራል። በሦስተኛ ብቻ የሚጮኽ መኪና የሦስተኛው ጥንድ ማርሽ ጥርስ ተበልቷል ማለት ነው። በእኔ ሚዛን ከምርመራዎቹ ሁሉ ቆንጆው ግን በሃይሉክስ፣ በቆየው ሚኒባስና በመሳሰሉት ከኋላ በሚነዱ ማኑዋል መኪኖች ላይ የሚሠራው ነው። በነዚህ መኪኖች ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ ውስጥ አራተኛው ማርሽ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ነው፤ የመግቢያው ዘንግ ከመውጫው ዘንግ ጋር ይቆለፍና ኃይሉ በጥርሶች መካከል ሳይዞር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከታች ያለው ረዳት ዘንግ ይዞራል እንጂ ጭነት የለበትም። እንግዲህ በአንደኛ፣ በሁለተኛ፣ በሦስተኛና በአምስተኛ እያላዘነ አራተኛ ላይ ጸጥ የሚል መኪና የታመመው ረዳት ዘንጉ ወይም የሱ ኩሽኔታ ላይ ነው። ካምቢዮው ሳይከፈት ውስጡ ታየ ማለት ይህ ነው።

ድምፅ ከሚከተላቸው ሦስተኛው ጌታ የነጂው እግር ነው። የማርሽ ጥርስ ሁለት ፊት አለው፤ ነዳጅ ሲረግጡ አንደኛው ፊት ይጫናል፣ ሲለቁ ሌላኛው። ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ የሚሠራው ያ ሁለተኛው ፊት ነው። ነዳጅ ሲረግጡ ብቻ፣ ወይም ሲለቁ ብቻ የሚጮኽ ነገር ጥርስ ያለው ነገር ነው። ከኋላ በሚነዱ መኪኖች በአንድ የፍጥነት ክልል ውስጥ ብቻ፣ በ70 እና በ90 መካከል እንበል፣ ነዳጅ ሲሰጥ የሚያላዝንና ሲለቀቅ ዝም የሚል ከሆነ ኮሮናና ፒኞን የሚባሉት የዲፈረንሻሉ ማርሾች ግጥሚያ ተበላሽቷል ወይም የፒኞኑ ኩሽኔታ ልል ሆኗል። የጎማ ኩሽኔታ ግን ስለ እግርዎ ግድ የለውም፤ ቢረግጡም ቢለቁም እኩል ያጉረመርማል። ስለ መሪው ግን ግድ ይለዋል። ወደ ግራ ሲታጠፉ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ይጋደላል፤ ያኔ ድምፁ ከጨመረ የቀኙን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ከጨመረ የግራውን። ድምፁ አስፋልቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ጎማው ሳይመጣጠን ተበልቷል፤ ጉዳዩ የጎሚስታ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሌላ ዓለም ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል የለም፤ በምትኩ ሁሉም ነገር በዘይት ግፊት ይሠራል፣ ግፊቱን የሚፈጥረው ደግሞ ሞተሩ በዞረ ቁጥር የሚዞር ፓምፕ ነው። መኪናው ቆሞ ማርሹ «ፒ» ላይ ሆኖ እንኳን የሚያላዝን፣ ነዳጅ ሲሰጡት እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ብዙ ጊዜ የዚህ ፓምፕ ድምፅ ነው። ፓምፑ የሚጮኸው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚጠጣው አጥቶ ነው። ዘይቱ ሲጎድል ወይም ፊልትሮው ሲደፈን በዘይት ምትክ አየር ይስባል፤ የአየር አረፋዎቹ ግፊት ውስጥ ሲገቡ እየፈነዱ ይጮኻሉ። ዘይት ማብዛትም ያው ነው፤ የሚዞሩት ክፍሎች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል። «ትንሽ ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚባለው ለወጥ ቅቤ እንጂ ለካምቢዮ ዘይት አይሠራም።

መለኪያ ዘንግ ያለው አውቶማቲክ ሲለካ መኪናው ለጥ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ብዙዎቹ ላይ ሞተሩ እየሠራና ማርሹ በሁሉም ቦታ ዞሮ «ፒ» ላይ ተመልሶ ነው። እንደ ሆንዳ ያሉት ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይለካሉ፤ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ይቀድማል። በአዳዲሶቹ ብዙ ቶዮታዎች ላይ መለኪያ ዘንግ የለም፤ ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ከታች ባለ ቡሎን ይለካል፣ ይህን የለመደ ባለሙያ ይሥራው። አብዛኛው የአውቶማቲክ ዘይት አዲስ ሳለ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ውስጥ ያሉት ዲስኮች እየነደዱ ነው።

ጃፓን ተነድተው ወደ እኛ ከመጡት ትንንሽ መኪኖች፣ በተለይ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተሠሩት ቪትዞች፣ ብዙዎቹ ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ አላቸው። እዚህ ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚገባ ማርሽ የለም፤ የብረት ቺንጋ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ይሮጣል፣ ፑሌጃዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ያስተካክላሉ። በተፈጥሮው ትንሽ ያፏጫል። ነገር ግን ቺንጋውና ፑሌጃው የሚያያዙት በሰበቃ ስለሆነ ዘይቱ ሁለት ተቃራኒ ነገር እንዲያደርግ ይጠበቅበታል፤ ማለስለስም፣ እንዳይንሸራተት መያዝም። ለዚህ የተሠራው ዘይት የራሱ ዓይነት ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የተጨመረበት ሲቪቲ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ፑሌጃው ይቧጠጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጩኸት ትክክለኛውን ዘይት መልሶ በመሙላት ማጥፋት አይቻልም።

ማኑዋሉም ቢሆን ዘይት መራጭ ነው። ጣሳው ላይ «75ደብሊው-90» የሚለው ውፍረቱን ነው፤ «ጂኤል-4» ወይም «ጂኤል-5» የሚለው ደግሞ ውስጡ ያለውን ቅመም። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና የተሠራ፣ ድኝና ፎስፈረስ የበዛበት ነው። «5 ከ4 ይበልጣል» ብሎ ጂኤል-4 የሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ መክተት ማርሽ ሲገባ የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላቸው ይችላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማርሽ እያንገራገረ መግባት ይጀምራል። የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት መጠን የሚታየው በጎኑ ካለው ቡሎን ነው፤ መኪናው ሳይጋደል ቆሞ ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ትንሽ መኪና በጠቅላላው የሚይዘው ሁለት ሊትር ገደማ ስለሆነ በፓራኦሊዮ በኩል ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብ ዘይት ከወራት በኋላ ግማሹን ሊጨርሰው ይችላል። የሞተር ዘይት እንጂ የካምቢዮ ዘይት ማን ይለካል?

ከክረምት በኋላ የሚመጣ ጩኸት የራሱ ታሪክ አለው። የሞቀ ዲፈረንሻል ወይም ካምቢዮ ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻውና በፓራኦሊዮው በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል፤ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ፤ ውኃ የነካው ኩሽኔታ ይዝጋል።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ጸጥታንም መጠርጠር አለባቸው። የሚጮኽ ማርሽ ውስጥ በጣም ወፍራም ዘይት፣ ሲብስም ሰጋቱራ ጨምሮ ለጥቂት ሳምንት ማፈን በብዙ አገር የታወቀ የዱሮ የሻጭ ተንኮል ነው። ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት የካምቢዮው ዘይት ትንሽ ተቀድቶ ቢታይ ቅር የሚለው ሻጭ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች «ካምቢዮ የለውም የተባለው መኪና ለምን ያፏጫል?» ሲሉ ይሰማል። ማርሽማ አለው። ሞተሩ በደቂቃ ከአሥር ሺሕ ዙር በላይ ሊደርስ ስለሚችል ወደ ጎማው ከመድረሱ በፊት ዙሩን የሚቀንስ ጥንድ ማርሽ ያስፈልገዋል። ድሮ በነዳጅ ሞተር ድምፅ ይሸፈን የነበረው ቀጭን ፉጨት አሁን ሸፋኝ አጣ። በዝግታ ሲሄድ የሚሰማው «ውው» የሚል ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እግረኛ እንዲሰማው ፋብሪካው ሆን ብሎ በስፒከር የሚያወጣው ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረና ያልጨመረ ከሆነ ይተዉት፤ ዘንድሮ የጀመረ ከሆነ ያሳዩት፣ ኩሽኔታ እዚያም አለ።

ጋራዥ ሲደርሱ «ይጮኻል» ብቻ አይበሉ። «ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ይጮኻል፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጠፋል፤ አራተኛ ላይ አይሰማም» ያለ ባለመኪና ግማሹን ሥራ ጨርሶ ነው የመጣው፤ ጥሩ መካኒክም ይደሰትበታል። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ዘይቱ እርስዎ እያዩ ይውረድ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው ጫፉ ላይ የተለጠፈውን በጣትዎ ይንኩት። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር የተለመደ መበላት ነው። በጣት መካከል የሚቆረቁር ስባሪ፣ ስንጥርጣሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ግን ክርክሩ አበቃ፤ ይውረድ።

ጩኸቱ ወደ ማንገጫገጭ ከተለወጠ፣ ማርሽ ከገባበት በራሱ እየወጣ ከሆነ፣ ወይም አውቶማቲኩ ነዳጅ እየተሰጠው መሄድ ካቃተው እየነዱ ጋራዥ አይሂዱ። ኩሽኔታው የተበተነ ዘንግ መንገድ ላይ ሊቆለፍ ይችላል። ተጎትቶ ይሂድ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ። ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ አይዞርም፤ ፓምፑ ካልዞረ ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚያደርስ የለም።